«ከሴት ጋር አልጫወትም» ያለ የ5 ዓመት ልጅ፦ ጅማ ያላችሁ ወላጆች ምን ትላላችሁ?

የግቢዋ እናት (ቆጪ)፣ ማክሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ዛሬ አንባቢ ብቻ ነበርኩ። አሁን ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

ልጄ 5 ዓመት ሊሞላው ሦስት ወር ቀርቶታል። የምንኖረው አራት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ነው። የጎረቤቴ ልጅ በጥቂት ወር ትበልጠዋለች። መዳህ ከጀመሩ አንስቶ አብረው ናቸው። እኛ ቤት ይበላሉ፣ እነሱ ቤት እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ልጄ ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ተነስታለች?» ብሎ ነበር።

ጨዋታቸው እቃ እቃ ነው። ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ቤት አላቸው። ጀበናቸው የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ሲኒያቸው ቆርኪ፣ ቡናቸው ቀይ አፈር። እሱ ይቆላል፣ እሷ ትቀዳለች። ሌላ ቀን ይገለበጣል። አንድ ጊዜ እሱ የበቆሎ ቆረቆንዳ በጨርቅ ጠቅልሎ አዝሎ ሕፃን ሲያባብል፣ እሷ «ሥራ ሄጃለሁ» ብላ በእንጨት ባጃጅ ስትነዳ አይቻለሁ።

መስከረም ላይ ኬጂ ገቡ። ትምህርት ቤታቸው አንድ ነው፣ ክፍላቸው ለየቅል። ባለፈው ቅዳሜ ልጅቷ እንደ ወትሮዋ ቆርኪዎቿን በቀሚሷ ቋጥራ መጣች። በር ላይ ቆማ «ና፣ ቡና ፈልቷል» አለችው። እሱ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያየ «ከሴት ጋር አልጫወትም። አንቺ ሴት ነሽ» አላት።

አላለቀሰችም። ቁጢጥ ብላ ቆርኪዎቹን ደጃፋችን ላይ አንድ በአንድ ደረደረቻቸው። አምስት ነበሩ። ከዚያ ትታቸው ሄደች።

እኛ ቤት ማንም እንዲህ አላለውም። ከየት አመጣው? የእድሜው ነገር ነው ወይስ ልጨነቅ? ላስገድደው ወይስ ልተወው?

ባለ ኳሱ (አጂፕ)፣ ማክሰኞ ማታ 3፡05

እህቴ፣ አትጨነቂ። ልጅሽ ጤነኛ ነው። ወንድነቱን እያወቀ ነው።

እኔ ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አለኝ። ቤቱ አንድ፣ አስተዳደጉ አንድ። ወንዱ ገና በደንብ ሳይናገር ማንኪያውን መኪና አድርጎ «ቡርርር» ይል ነበር። ማንም አላስተማረውም። ሴቶቹ ያንኑ ማንኪያ ጨርቅ አልብሰው አስተኙት። ፈጣሪ ለይቶ ነው የሠራቸው።

ቅር እንዳይልሽ እንጂ፣ እስካሁን ቆረቆንዳ አዝሎ ሲውል ዝም ማለትሽ ነው ያሳሰበኝ። ነገ ልጆች «ሴታሴት» ብለው ሲጠሩት የሚጎዳው እሱ ነው። ኳስ ግዢለት፣ ሜዳ ላይ ይዋል።

ሚስ ዜሮ ክፍል (ሄርማታ)፣ ማክሰኞ ማታ 4፡20

የኬጂ አስተማሪ ነኝ፣ ዘንድሮ ዘጠኝ ዓመቴ። የግቢዋ እናት፣ የጻፍሽው በየዓመቱ ክፍሌ ውስጥ ይደርሳል። መስከረም ላይ ሁሉም ተደባልቆ ይጫወታል። ገና ጥር ሳይገባ ወንዶቹ ሜዳው መሀል፣ ሴቶቹ በረንዳው ጥግ ሆነው አገኛቸዋለሁ።

የማየውን ልንገርሽ። ወንዶቹ ብዙ ሆነው ነው የሚንቀሳቀሱት። ስድስት ሰባት ሆነው ይሯሯጣሉ፣ ይተናነቃሉ፣ ተደራርበው ይወድቃሉ። ለአዲስ ሰው ድብድብ ይመስላል። ፊታቸውን ካየሽ ግን ይስቃሉ። የወደቀው ተነስቶ እንደገና ይገባበታል። እውነተኛ ድብድብ ሲሆን ሳቁ ይጠፋል፣ አንዱ መሸሽ ይጀምራል። ይህን መለየት ለመማር ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ያኔ ጨዋታውን ሁሉ ድብድብ ነው ብዬ ስንት ልጅ እንዳስለቀስኩ ሳስብ ያመኛል።

ሴቶቹ ሁለት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። ጠጠር ይቀልባሉ፣ ሰኞ ማክሰኞ ይዘላሉ። ተራ ይጠብቃሉ። አይጣሉም ማለት ግን አይደለም። ወንዱ ሲናደድ ይገፋል። ሴቷ «ጓደኛሽ አይደለሁም፣ እናንተም እንዳታጫውቷት» ትላለች። የተገፋው አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ይረሳዋል። የተገለለችዋ ግን ምሳቃዋን ሳትከፍት ቤቷ ትገባለች።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ሴቶች አንድ የመጫወቻ ጀበና ፈለጉ። አንደኛዋ አልጎተተችም። «አንቺ እኮ እንግዳ ነሽ። እንግዳ ቡና አያፈላም፣ ቁጭ ብሎ ይጠጣል» አለቻት። ሌላዋ ተደስታ ተቀመጠች። ጀበናው በሰላም የመጀመሪያዋ እጅ ገባ። በዚያው ዕለት ሁለት ወንዶች አንድ መኪና ያዙ። «የኔ ነው!» «የኔ ነው!» ተጓተቱ፣ ጎማው ወለቀ። ከዚያ ሁለቱም መሬት ላይ ቁጭ ብለው ግማሽ ሰዓት ጎማውን ሲጠግኑ ዋሉ። ከዚያ ወዲህ አይነጣጠሉም።

አንድ ነገር ደግሞ ልናገር፣ ሕሊናዬ ስለሚወቅሰኝ። ለዓመታት ልጆቹን የማሰልፈው «ወንዶች በዚህ፣ ሴቶች በዚያ» እያልኩ ነበር። «ሴቶች ዝም ብለዋል፣ ወንዶች ግን ይንጫጫሉ» እላለሁ። አንድ ቀን እስከ ምሳ ድረስ ስንት ጊዜ እንደምለው ቆጠርኩ። አሥራ አራት ጊዜ! ልጅሽ ቃሉን ከየት አመጣው ላልሽው፣ ምናልባት ከእንደኔ ዓይነቷ አስተማሪ ይሆናል። አሁን በጫማ ቀለም ነው የማሰልፋቸው።

የልጅቷ እናት (ቆጪ)፣ ረቡዕ ጠዋት 1፡30

ጎረቤቷ እኔ ነኝ። ማታ ቡና ላይ ስልኳን ሰጥታኝ አነበብኩት። በልጁ አልተቀየምኩም፣ እንደ ልጄ ነው።

ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። እሁድ ማታ ፀጉሯን እየሠራሁላት «እማዬ፣ ፀጉሬን ብቆረጥ ወንድ እሆናለሁ?» አለችኝ። «ለምን?» ስላት «ቡና ይጠጣልኛል» አለች።

ምን እንደምመልስላት ጠፋኝ። ሹሩባውን ጨረስኩና አስተኛኋት።

አንባቢው (ቂጦ ፉርዲሳ)፣ ረቡዕ ከቀኑ 7፡15

የልጅቷ እናት፣ የልጅሽ ጥያቄ ልቤን ነካው። ደግሞም ለጉዳዩ ቁልፍ ነው። ሥነ ልቦና ስላጠናሁ የማውቀውን ላካፍላችሁ።

በዚህ እድሜ ልጆች «ወንድ ነኝ» «ሴት ነኝ» ማለትን ያውቃሉ። ሦስት ዓመት ገደማ ላይ አብዛኞቹ ይህን ይናገራሉ። ጾታ በልብስና በፀጉር እንደማይቀየር የሚገባቸው ግን ቆይቶ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ወደ 6 እና 7 ዓመት ሲጠጉ። ሎረንስ ኮልበርግ የሚባለው አሜሪካዊ ምሁር በ1966 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ይህን በሰፊው አብራርቶታል። ስለዚህ «ብቆረጥ ወንድ እሆናለሁ?» የእድሜዋ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የልጁም ያው ነው። ሕጉን ገና ተማረ፣ ምን ያህል እንደሚጠብቅ ግን አያውቅም። አዲስ ሕግ የተማረ ልጅ ደግሞ ከዳኛ ይብሳል። 5 እና 6 ዓመት ላይ ይህ ግትርነት ጫፍ ይደርሳል፣ በኋላ ይላላል።

ስለ መለያየቱ ደግሞ ኤሊኖር ማኮቢ እና ካሮል ጃክሊን በ1987 ያሳተሙት ሥራ አለ። አሜሪካ ውስጥ ያዩአቸው ልጆች 4 ዓመት ተኩል ገደማ ላይ ከራሳቸው ጾታ ጋር የሚጫወቱት ጊዜ ከሌላው ጾታ ጋር ከሚጫወቱት 3 እጥፍ ያህል ነበር። 6 ዓመት ተኩል ሲሆናቸው 11 እጥፍ ደረሰ። ልጃችሁ ያለው ልክ በዚህ መንገድ መጀመሪያ ላይ ነው።

ማኮቢ ያሰመረችበትን ነገር ልብ በሉ። ልጅን ለብቻው ስትለኩት ልዩነቱ ትንሽ ነው። በቡድን ሲሆኑ ነው ገዝፎ የሚታየው። አንድ ወንድ ልጅ ብቻውን ሲጫወት ከሴቷ ብዙም ላይለይ ይችላል። አምስት ወንዶች ጨምሩበትና ያው ልጅ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ «ልጄ ምን ዓይነት ነው?» ከማለት በፊት «ከማን ጋር ነው የሚውለው?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል።

ካሮል ማርቲን እና ሪቻርድ ፋብስ ደግሞ በ2001 ያወጡት ጥናት ይህን ያጠናክራል። የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን ለወራት ተከታተሏቸው። ከወንዶች ጋር ብቻ አብዝተው የዋሉ ወንዶች በዓመቱ መጨረሻ ይበልጥ የሚራኮቱና የሚሯሯጡ ሆኑ። ከሴቶች ጋር ብቻ የዋሉት ሴቶች ይበልጥ የተረጋጉና ከአዋቂ አጠገብ የማይርቁ ሆኑ። አብሮ መዋሉ ራሱ ይቀርጻል ማለት ነው።

የብዪ እናት (መንደራ)፣ ረቡዕ ከቀኑ 9፡00

የኔ ልጅ ሴት ናት፣ 6 ዓመቷ። ብይ ትጫወታለች። ሰፈሩን ሁሉ በልታ ጨርሳለች። ሁለት የቲማቲም ጣሳ ሙሉ ብይ አላት። «ወንዳወንድ» ይሏታል፣ እሷም ደስ ይላታል። ባለ ኳሱ ግን ያሰበበት አይመስለኝም፦ ሴቷ የወንድ ጨዋታ ስትጫወት ይሞገሳል፣ ወንዱ እቃ እቃ ሲጫወት ይሰደባል። ለምን ወንዱ ላይ እንዲህ ይጠብቃል? ልጁ ቆረቆንዳ ማዘሉ እኔን ደስ ነው ያለኝ። አንድ ቀን አባት ይሆናል።

ባለ ኳሱ (አጂፕ)፣ ረቡዕ ማታ 1፡10

እሺ የብዪ እናት፣ ይህን አሰብኩበት። አባቴ እኛን አዝሎ አያውቅም። እኔም ትንሿን ልጄን ያዘልኳት ባለቤቴ ስትታመም ብቻ ነው፣ በጓሮ በኩል፣ ሰው እንዳያየኝ። ልጅቷ ጀርባዬ ላይ እንቅልፍ ሲወስዳት የተሰማኝን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ስለዚህ የቆረቆንዳውን ነገር ተውኩት።

ግን ተፈጥሮ የለበትም አትበሉኝ። ማንኪያውን ማን አስተማረው?

ነርሷ (ጅሬን)፣ ረቡዕ ማታ 2፡30

ባለ ኳሱ፣ ተፈጥሮም አለበት። ከጽንስ ጊዜ ጀምሮ አንዳንድ ሴት ሕፃናት አድሬናል ከተባለው እጢ ከወትሮው የበዛ አንድሮጅን (በወንዶች የሚበዛ ሆርሞን) የሚያመነጩበት የጤና ችግር አለ። ሼሪ በረንባም እና ሜሊሳ ሃይንስ በ1992 ባወጡት ጥናት፣ እነዚህ ልጆች ከሴት ዘመዶቻቸው ይልቅ ወደ መኪናና ወደ መሰል መጫወቻዎች ያዘነብሉ ነበር። ወላጆቻቸው እንደ ማንኛዋም ሴት ልጅ ነው ያሳደጓቸው። ስለዚህ ሆርሞን ድርሻ አለው። በአማካይም ወንድ ልጆች መንቀሳቀስ ያበዛሉ።

አማካይ ማለት ግን ያንተ ልጅ ማለት አይደለም። ክትባት ቀን ስንት እናት ልጇን ይዛ ትመጣለች። ወንበር ላይ የሚወጣ፣ በሩን የሚገነጥል የመሰለ ሴትም አለ፣ እናቱ ቀሚስ ውስጥ የሚሸጎጥ ወንድም አለ። ሁለት ክምር ቡና እንበል፣ ጫፍና ጫፋቸው ይለያል፣ መሀሉ ግን ተቀላቅሎ የትኛው ፍሬ ከየትኛው እንደመጣ አይታወቅም።

የድሮዋ ጅማ (ፈረንጅ አራዳ)፣ ሐሙስ ጠዋት 3፡00

ልጆቼ፣ የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። ሰባ ዓመት አልፎኛል።

እኛ ስናድግ ጨዋታው አልነበረም የለየን፣ ሥራው ነበር። ሴቷ አዌቱ ወርዳ ውሃ ትቀዳለች፣ ታናሿን ታዝላለች። ወንዱ ከብት ይዞ ይወጣል። ሴቷ ከቤት ስለማትርቅ በተቀመጠችበት የምትጫወተውን ጠጠር ተማረች። እጇ ሕፃን ይዞ እንዴት ትሩጥ? ወንዱ ሜዳ ላይ ስለዋለ ሩጫና ትግል ለመደ። በዓሉም ለይቶናል፣ ቡሄ ሲመጣ ሆያ ሆዬ ለወንዱ፣ እንቁጣጣሽ ሲመጣ አበባየሆሽ ለሴቷ። ያንን ወድጄዋለሁ፣ አልከፋብኝም።

ማታ ግን አንድ ነበርን። ሲመሽ ወንድ ሴት የለም፣ ክርስቲያን እስላም የለም፣ አማርኛና ኦሮምኛው ተቀላቅሎ ኩኩሉ እንጫወታለን። «ኩኩሉ!» «አልነጋም!» በጨለማ ማን ማን እንደሆነ የሚለየው በድምፅ ብቻ ነው። አሁን ልጆቹ ሲመሽ ቤት ገብተው ስልክ ያያሉ። ልጄ፣ ማታ ማታ ግቢው ውስጥ ይሯሯጡ ዘንድ ተዪአቸው። ሌላ መድኃኒት አላውቅም።

አንባቢው (ቂጦ ፉርዲሳ)፣ ሐሙስ ከቀኑ 6፡40

እማማ፣ የተናገሩት ነገር የተጠና ነው። ባሪ ቶርን የተባለች ተመራማሪ አሜሪካ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከልጆች ጋር ብዙ ጊዜ አሳልፋ፣ ወንድና ሴት ልጆች በትምህርት ቤት ይበልጥ እንደሚለያዩ፣ ሰፈር ውስጥ ግን ይበልጥ እንደሚቀላቀሉ ጽፋለች። ምክንያቱ ቀላል ነው። ትምህርት ቤት እኩያ በሽ በሽ ነው፣ መምረጥ ይቻላል፣ ተመልካችና አሿፊም ይበዛል። ሰፈር ውስጥ ያለው ልጅ ያው ያለው ነው። ታላቁም ታናሹም አንድ ላይ ይጫወታል።

ስለ ሥራው ያሉትም እንደዚሁ። ካሮል ኤምበር ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ፣ ሉኦዎች ዘንድ ያጠናችውን በ1973 አሳትማለች። ታላቅ እህት በሌለችበት ቤት ወንዶቹ ልጆች ሕፃን መጠበቅ የመሰለውን የቤት ውስጥ ሥራ ይሠሩ ነበር። እነዚህ ወንዶች ያንን ሥራ ከማይሠሩት ይልቅ ጠበኝነታቸው ያነሰ ነበር፣ ጠባያቸውም ወደ ሴቶቹ ይጠጋ ነበር። ባለ ኳሱ፣ ልጅህን ታናሹን አሳዝለው። በጓሮ ሳይሆን በፊት ለፊት።

የግቢዋ እናት፣ ማስገደዱን ግን አልመክርሽም። «ከሷ ጋር ካልተጫወትክ» ብትዪው ልጅቷን ቅጣት ታደርጊያታለሽ። ይልቅ ሁለቱም የሚፈልጉትን ነገር በመሀላቸው አስቀምጪ። «ወንድ» «ሴት» የሚለውን ትተሽ በስሟ ጥሪለት።

ሚስ ዜሮ ክፍል (ሄርማታ)፣ ሐሙስ ማታ 3፡50

ልክ ነው። እኔ ክፍል የሠራው አሸዋ ነው። አሸዋና ውሃ ሳቀርብ ወንድ ሴት የሚባለው ይረሳል። አንዱ ይቆፍራል፣ አንዷ ውሃ ታመጣለች፣ ከዚያ ድልድዩ ይፈርሳል፣ ሁሉም ይጮሃል። ወንዶቹ ልዕልት ወዳለበት ጥግ አይሄዱም፣ ሴቶቹ መኪና ወዳለበት አይሄዱም። አሸዋ ግን የማንም አይደለም።

ከአስተማሪውም ጋር ተነጋገሪ። በቅሬታ ሳይሆን በምክክር። እኔን አንዲት እናት በትሕትና ስትጠይቀኝ ነው የነቃሁት።

የግቢዋ እናት (ቆጪ)፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ ከቀኑ 10፡20

የሆነውን ሳልነግራችሁ ብቀር ደግ አይደለም።

አላስገደድኩትም። ያለፈው ሳምንት ሐሙስ መብራት ጠፋ። የእማማን ምክር አስታውሼ በሩን ከፈትኩና «ውጡ» አልኳቸው። የግቢው ልጆች ሁሉ ወጡ፣ ትልቁ 11 ዓመቱ ነው። ኩኩሉ ተጀመረ። ከእንጨት ክምሩ ጀርባ ሁለት የታፈነ ሳቅ ሰማሁ። እሱና እሷ ነበሩ፣ አንድ ነጠላ ሥር ተሸጉጠዋል። አፏን በእጁ ይዞላታል፣ እንዳትስቅ።

በማግስቱ ልብሱን ሳጥብ ከኪሱ ቆርኪ ወደቀ። ቆጠርኳቸው፣ አምስት። ያን ቅዳሜ ደጃፍ ላይ የተደረደሩትን ማን እንዳነሳቸው አስቤ አላውቅም ነበር።

ትምህርት ቤት ግን ዛሬም አብሯት አይሄድም። በሩ ጋ ሲደርሱ እጇን ይለቅና ወደ ወንዶቹ ይሮጣል። እሷም ለምዳዋለች፣ የራሷን ጓደኞች አግኝታለች። «ለምን እንዲህ ታደርጋለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበና «እዚያ ሴት ናት። ግቢ ስንሆን ግን የኛ ናት» አለኝ። እንዳልቆጣው ራሴን ያዝኩ። በስሟ እየጠራሁ ስለ ሌላ ነገር አወራሁት።

አስተማሪዋንም አነጋገርኳት። መጀመሪያ ፊቷ ጠቆረ። ስለ ጫማው ቀለም ስነግራት ግን «ሰኞ እሞክረዋለሁ» አለች። ትሞክረው እንደሆነ ነገ ጠዋት ሳደርሰው አያለሁ።

የልጅቷ እናት ደግሞ ለፀጉሩ ጥያቄ መልስ አገኘችለት። «ብትቆረጪም አንቺው ነሽ፣ ቡናም ከማንም ጋር ይጠጣል» አለቻት። ልጅቷ እንዳትቆረጥ ወሰነች።

ጎረቤታችን ከገጠር እሸት ቡና አምጥቶ ግቢው ውስጥ አስጥቷል። ሁለቱም ከጠዋት ጀምሮ ቀዩን ከአረንጓዴው እየለዩ ነው። እሱ ይለያል፣ እሷ በቆርኪ ትሰፍራለች። ደመናው ከጅሬን በኩል እየጠቆረ መጣ። ቡናውን ሳይዘንብ ላነሳሳ ልሂድ።